ስድስት በስምንት ሴራሚክ

ረቡዕ ግንቦት 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በኢንተርኔት ገጹ ላይ የሚታየው መታጠቢያ ቤት ወለሉ በወርድ ስድስት፣ በቁመት ስምንት ሴራሚክ ነበረው። ሴራሚኮቹ ነጭ ናቸው፤ መጋጠሚያቸው ግራጫ ነው። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች፤ ከሥሯ የመጸዳጃ መቀመጫው፣ በስተቀኝ የእጅ መታጠቢያው ይታያል። ማውሱን ይዞ ወደ ጎን ለሳበ ሰው ክፍሉ አብሮት ይዞርለታል፤ ወደ ፊት ለገፋ ደግሞ ከበሩ ተነስቶ ወደ ውስጥ የገባ ይመስለዋል። ይህን ለማየት ኮምፒውተሩ ላይ ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም፤ ኢንተርኔት መክፈቻው ብቻ ይበቃል። ክፍል የሚመስለው ነገር ስድስት ጠፍጣፋ ሥዕል ነው፤ አንዱ ለጣሪያ፣ አንዱ ለወለል፣ አራቱ ለግድግዳ። የግራው ዘጠና ዲግሪ ይታጠፋል፣ የወለሉ ይተኛል፣ ከዚያ የተመልካቹ ዓይን ከሥዕሉ ምን ያህል እንደሚርቅ በቁጥር ይጻፋል። ቁጥሩ ሲያንስ ክፍሉ ይጠልቃል፤ ሲበዛ ይጠፈጠፋል። መቅደላዊት ፍሥሐ ይህን ቁጥር ስምንት መቶ ላይ እስክታሳርፈው ድረስ አራት ቀን ፈጅቶባታል።

ገጹን የሠራችው ከመናኸሪያው ጀርባ አቶ እንዳላማው ለሚያስገነቡት ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ነው። ሕንፃው ገና አላለቀም፤ የምድር ቤቱ በባሕር ዛፍ መደገፊያ ስለተሞላ ገዢ ገብቶ ማየት አይችልም። ስለዚህ ቤት ፈላጊ ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው መቅደላዊት ወደምትሠራበት ወደ ውበቱ ኮፒና ኢንተርኔት ቤት ነበር። ውበቱ ወንበር ይስብለታል፣ ፋየርፎክስ ይከፍትለታል፣ ማውሱን እጁ ላይ ያደርግለታል። ሰው ሁሉ ክፍሉ ሲዞርለት መጀመሪያ ራሱን ወደ ኋላ ይሰበስባል፤ ቀጥሎ ይስቃል። ሰባት ወር ዩኒቨርሲቲው በሰጣት ዲግሪ የምርቃት ካርድና የሐዘን ማስታወቂያ ስትጽፍ ለቆየችው መቅደላዊት ያ ሳቅ ከደመወዟ ይበልጥባት ነበር።

በዚያ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ሁለት ዳቦ ይዛ ወደ የኔታ ገዳሙ ቤት ጎራ አለች። የኔታ የአባቷ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከሉማሜ ለትምህርት መጥታ ዘጠነኛ ክፍል ከገባችበት ቀን ጀምሮ ስድስት ዓመት ያሳደጓት እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ታየች ናቸው። የመጣችው ውሉ በስንት ሰዓት እንደሚፈረም ለመጠየቅ ነበር። የኔታ ግቢያቸውን ከነጭቃ ቤቱ ለአቶ እንዳላማው ሰጥተው በለውጡ ከአዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት አንዱን ሊወስዱ ነው። በዚያ ውል ላይ መቅደላዊት ምስክር እንድትሆን የጠየቁት ራሳቸው ናቸው። «ቤቱን የሳለ ይመስክር» ነበር ያሉት።

ግቢ ስትገባ የኔታ መሬት ላይ ተንበርክከዋል። አንድ ችካል መሬት ውስጥ ተተክሏል፤ ከችካሉ የመጽሐፍ መጠረዣ ክር ተወጥሮ ጫፉ በእጃቸው ነው። እትዬ ታየች ዊልቸራቸው ላይ ተቀምጠው ጎማውን በሁለት እጃቸው እየገፉ ባሉበት ይሽከረከራሉ።

«ቀስ በይ። አሁን ሙሉውን አልዞርሽም» አሉ የኔታ።

«እየዞርኩ ነው። በስልሳ ስድስት ዓመቴ እስክስታ ያስወርዱኝ ጀመሩ።»

በአጥሩ በኩል ጎረቤታቸው ሥራነሽ ልብስ እያሰጣች ብቅ አለች። «የኔታ! እትዬ ታየችን ደግሞ እንደ መጽሐፉ በቆዳ ሊደጉሷት ነው?»

«አንቺን ነበር መደጎስ፤ ምላስሽ ከደፉ ወጥቷል» አሏት ሳያዩዋት፤ ሥራነሽ እየሳቀች ተመለሰች።

እትዬ ታየች ዳሌያቸው ከተሰበረ ሁለት ዓመት አልፏል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ግቢው ጥግ ወዳለው ሽንት ቤት የሚሄዱት የኔታና ሥራነሽ በግራና በቀኝ ተሸክመዋቸው ነው። በጋ ላይ ዊልቸሩ እስከ በሩ ይደርሳል፤ ክረምት ሲገባ ጎማው ጭቃው ውስጥ እስከ ግማሹ ይሰምጣል። ሥራነሽ ገበያ የሄደች ቀን እትዬ ታየች ውሃ አይጠጡም። ይህን ማንም በአፉ አይናገረውም። ግቢውን መለወጥ ሲነሳ የኔታ ካሬ ሜትሩን፣ ሳሎኑን፣ መብራቱን ሲጠይቁ እትዬ ታየች የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ብቻዬን ገብቼ በሩን ከውስጥ መዝጋት እችላለሁ?»

የኔታ ክሩን በክንዳቸው ላይ ለኩት፤ ከዚያ ኪሳቸው ውስጥ በያዟት የተማሪ ማስመሪያ ደገሙት። «ሦስት ክንድ ሊሞላ ሁለት ጣት ይቀረዋል። በእናንተ ቋንቋ አንድ ሜትር ከአርባ። ወንበሩ ለመዞር የሚፈልገው ይህ ነው።» ጉልበታቸውን እያራገፉ ተነሱ። «የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ሰኞ ሦስት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ስድስት በስምንት ነው። አንዱ ሴራሚክ ስንት እንደሆነ እንዳላማውን ጠየቅኩት። ሠላሳ በሠላሳ አለኝ። ሄጄ ከተከመረው አንዱን አንስቼ ለካሁት፤ እውነቱን ነው። ስድስት ጊዜ ሠላሳ መቶ ሰማንያ። ከመዞሪያዋ አርባ ይተርፋል።»

መቅደላዊት ዳቦውን እንደያዘች ቆመች። ሰኞ ሱቁ ውስጥ የየኔታ ጣት ስክሪኑ ላይ ከሴራሚክ ወደ ሴራሚክ ሲሄድ አይታ ነበር። ሥዕሉ የገረማቸው መስሏት ፈገግ ብላ አልፋለች። የወለሉን ፎቶግራፍ ያነሳችው ከአንድ ክሊኒክ ኮሪደር ላይ ነው፤ የዚያ ሴራሚክ ሃያ በሃያ ነው። ስድስት ጊዜ ሃያ መቶ ሃያ።

«ይበቃኛል አይደል፣ መቅዲ?» አሉ እትዬ ታየች። ከመሽከርከሩ የተነሳ ጉንጫቸው ቀልቷል፤ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዷል።

«ይበቃል፣ እትዬ» አለች።

የኔታ ገዳሙ አርባ አንድ ዓመት የጻፉ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ቁም ጸሐፊ ፊደል ከመጣሉ በፊት ብራናውን ያሰምራል። በግራና በቀኝ ጠርዝ በወስፌ እየለካ ይበሳል፤ ከዚያ ከብስ እስከ ብስ መስመሩን ያለ ቀለም በወስፌ ይጫናል። የተሳሳተ ፊደል በምላጭ ይፋቃል። የተጫነ መስመር ግን አይፋቅም፤ ብራናው እስኪያልቅ ይኖራል። ስለዚህ ለየኔታ መስመር ማለት አንድ ሰው አስቀድሞ ለክቷል ማለት ነው። ሰው እንዲያምር ብሎ ያሰምራል ቢሏቸው አይገባቸውም። መቅደላዊት ይህን ታውቃለች፤ ልጅ ሆና ብራናው ላይ ማስመሪያውን ይዛላቸዋለች። ከግቢው እስከ ሱቁ ባለው መንገድ ላይ ያሰበችው ይህንኑ ነበር። ያን ወለል ሲያዩ እንደሚቆጥሩት ማወቅ የነበረበት ሰው ቢኖር እሷ ናት።

ሱቅ ስትደርስ ውበቱ የእንቁላል ሳንድዊች እየበላ የትናንቱን ፎቶ ኮፒ ይደረድራል። ሃምሳው ስላልወጣ ረቡዕ ቢሆንም አይጾምም። ኮምፒውተሩን ከፍታ ወለሉን አየችው። መጀመሪያ ስትሠራው ሠላሳውን ሴራሚክ አድርጋ እንደነበር አስታወሰች። አቶ እንዳላማው ከኋላዋ ቆመው «እሱማ ሳጥን መሰለ። ትንሽ ተንፈስ ይበል እንጂ» ሲሉ የሃያውን ፎቶ አስገባች። የክፍሉ ወርድና ቁመት አልተነካም። ዓይን ግን ትንንሽ አራት ማዕዘን ሲበዛበት ክፍሉን ያሰፋዋል። አቶ እንዳላማው ትከሻዋን መታ መታ አደረጉና «እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ። እሷም ደስ ብሏት ነበር።

«ውበቱ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ልክ አይደለም።»

«ተበላሸ?»

«ፎቶው የሃያ ሴራሚክ ነው። እነሱ የሚያነጥፉት ሠላሳ ነው። የኔታ ቆጥረውታል።»

ውበቱ የጎረሰውን ሳይውጥ ሳቀ። «ሴራሚክ የሚቆጥር ሰው አለ! እኔ ስንቱን አስቀምጬ አሳየሁ፤ አንዱም አልቆጠረም።» ሳቁን ሲያቆም ፊቷን አየና እጁን በወረቀት ጠረገ። «ስሚ፣ ሥዕል ነው። ልብስ ሰፊ ቤት የተለጠፈ ፎቶ ላይ ያለውን ቁልፍ ቆጥሮ የሚከስ አለ? ውሉ ላይ አርባ ሁለት ካሬ ይላል፤ አርባ ሁለት ነው። ማንም አልዋሸም። ደግሞ ነገ የአቶ እንዳላማው ወንድም ለሆቴሉ ገጽ እንድትሠሪለት ሊያነጋግርሽ ከባሕር ዳር እየመጣ ነው። ዛሬ ነገር አታንሺ።»

ማንም አልዋሸም። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ይህን እየደጋገመች የአንድ ዕድር መተዳደሪያ ደንብ ጻፈች። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ግን ጠዋት «ይበቃል፣ እትዬ» ያለችው ትዝ አላት። የውበቱን ሜትር ከመሳቢያ አውጥታ ሻይ እጠጣለሁ ብላ ወጣች።

ሕንፃው ጋ ፎርማኑ ባምላኩ አስቁሟት ሜትሩን ሲያይ ሳቀ። «ልታገቢ ነው መሰለኝ፣ ቤት መለካት ጀመርሽ።» ቆብ ሰጣትና በመደገፊያዎቹ መሃል ጎንበስ ብላ እንድትከተለው ነገራት። የምድር ቤቱ ውስጥ የእርጥብ ሲሚንቶና የባሕር ዛፍ ልጥ ይሸታል። መታጠቢያ ቤቱ ገና ብሎኬት ነው፤ በር የለውም፤ ከወለሉ ሁለት ቧንቧ ተነስቶ ቆሟል። ገብታ ሜትሩን ዘረጋች። ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ። ቁመቱ አንድ ሜትር ከስልሳ። ጥግ ለጥግ ደግማ ለካችው። ቁጥሩን ከመጀመሪያውም ታውቀዋለች፤ ፕላኑ ላይ ያየችው ነው፤ ገጹ ላይ ያስገባችውም እሷ ናት። ክፍሉ ውስጥ ቆማ ሁለት እጇን ስትዘረጋ ግን ክርኗ ሳይቃና ጣቷ ብሎኬቱን ነካ።

«ይኼን ግድግዳ ትንሽ መግፋት ይቻላል?»

«በዚያ በኩል የጎረቤት መኝታ ቤት ነው፤ ተሽጧል። በዚህ በኩል የፎቁ ዓምድ አለ።» ባምላኩ ብሎኬቱን በጥፍሩ ቆረቆረው። «እንዲያውም ልስንና ሴራሚክ ሲገባበት ከግራም ከቀኝም ሁለት ሁለት ሴንቲ ይበላል።»

ሱቅ ተመልሳ ስልኳን አወጣች። የየኔታን ቁጥር ፈልጋ አገኘችው፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ምን ብላ እንደምትጀምር አሰበች። ከጀመረች ዘንዳ ጠዋት ዝም ያለችበትን ልትናገር ነው፤ የእትዬ ታየችን ቀይ ጉንጭ እያየች ይበቃል ያለችበትን ልትናገር ነው። ውበቱ ደንበኛ ለማስተናገድ ወደ ውጭ ሲወጣ የወለሉን ፋይል ከፈተች። የሃያውን ፎቶ አውጥታ የሠላሳውን መለሰች፤ ሃያ የሚለውን ቁጥር ሠላሳ አደረገችው። ሥራው ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። ወለሉ በወርድ አራት፣ በቁመት አምስትና ሲሶ ሴራሚክ ሆነ። ክፍሉ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ። የኔታ ከመፈረማቸው በፊት በሰባት ሰዓት ለመጨረሻ ጊዜ ሊያዩት እንደሚመጡ ተናግረዋል። ይመጣሉ፤ ይቆጥራሉ፤ አራት ይሆንባቸዋል፤ አቶ እንዳላማውን ይጠይቃሉ፤ ነገሩ በሁለቱ መካከል ይፈታል። እሷ አፏን መክፈት አያስፈልጋትም። ይህን ስታስብ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰች፤ ሻይም አዘዘች።

የኔታ በሰባት ሰዓት ከአቶ እንዳላማው ጋር መጡ። ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገዋል፤ ጫማቸው ተወልውሏል። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉና ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። ከግራ ወደ ቀኝ ሄዱ። ቆሙ። ወደ ግራ ተመልሰው እንደገና ሄዱ። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ሦስተኛውን ጊዜ ፊታቸውን እስከ ስክሪኑ ድረስ አስጠግተው ቆጠሩ። መቅደላዊት ከጎናቸው ቆማ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ታያለች።

«የኔታ፣ ጸሎት ያዙ እንዴ?» አሉ አቶ እንዳላማው። «ከዘጠኝ በኋላ ቢሮው ሰው ይሞላዋል።»

«ሰኞ ስድስት ነበሩ» አሉ የኔታ።

«ምኑ?»

«ሴራሚኩ።»

አቶ እንዳላማው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ፤ ቀና ብለውም ሳቁ። «ስድስትም ሆነ አራት ቤቱ ያው ቤት ነው። ከቦታው አልተነሳ!»

የኔታ አልሳቁም። ወደ መቅደላዊት ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ አንዴ የተሰመረ ነገር ከሰኞ እስከ ረቡዕ ይነቃነቃል?»

ውበቱ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ ቀና አለ። አቶ እንዳላማው ሰዓታቸውን ያያሉ። መቅደላዊት አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነበር። «የስክሪኑ ብርሃን አንዳንዴ ዓይን ያደናግራል፣ የኔታ።»

የኔታ መነጽራቸውን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ብርሃኑ አይደለም። ዓይኔ ነው። ባለፈው ሳምንትም አንድ መስመር ዘልዬ ነበር፤ ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። አራትን ከስድስት ያልለየ ዓይን ብራና ላይ ምን ይሠራል?» ተነሱ። ድምፃቸው ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ያህል ነበር። «የጀመርኩትን መጽሐፍ ነገ ለጸሐፊው ለአገኘሁ እልክለታለሁ። ያዘዙት የሮብ ገበያ ሰዎች የጠበቁት ይበቃል፤ እሱ ይጨርስላቸው። ስለ ቤቱ ግን ሰኞ በደህና ዓይኔ ሦስት ጊዜ የቆጠርኩትን ነው የማምነው። እንሂድ።»

መቅደላዊትና ሌላው ምስክር ውበቱ ተከተሏቸው። እስከ ውል ማስፈረሚያው ያለው መንገድ ሩብ ሰዓት ነው። አቶ እንዳላማው ስለ ሲሚንቶ መወደድ ያወራሉ፤ የኔታ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው መሬት መሬት ያያሉ፤ ድንጋይ ሲያጋጥማቸው እግራቸውን ከሚገባው በላይ ከፍ ያደርጋሉ። ሰኞ እንዲህ አይራመዱም ነበር። ቢሮው ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሃምሳ ደቂቃ ጠበቁ። በእነዚያ ሃምሳ ደቂቃዎች ከየኔታ ጉልበት እስከ እሷ ጉልበት ያለው ርቀት አንድ ስንዝር ነበር፤ አልተነጋገሩም። ተራቸው ሲደርስ ጸሐፊዋ ውሉን ጮክ ብላ አነበበች፤ አርባ ሁለት ካሬ ሜትር የሚለው ጋ ስትደርስ አቶ እንዳላማው ራሳቸውን ነቀነቁ። የኔታ ፈረሙ። ስማቸውን እንደ ብራና ጽሕፈት አቁመው፣ አንዱን ፊደል ከሌላው እኩል አርቀው ነው የጻፉት። «ይኼ የማተሚያ ነው እንጂ የሰው እጅ ነው?» አለች ጸሐፊዋ። የመጀመሪያው ምስክር ውበቱ፣ ሁለተኛው የአቶ እንዳላማው ሾፌር ነበሩ። ሦስተኛው መስመር ላይ መቅደላዊት ፍሥሐ ፈረመች። ጊዜው ስምንት ሰዓት ከአርባ ነበር።

በአሥራ አንድ ሰዓት የኔታ ቤት ሄደች። እሳቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ያላለቀውን መጽሐፍ ጥራዝ በጥራዝ በነጭ ጨርቅ ይጠቀልላሉ። የቀለም ቀንዶቹ ተከድነዋል፤ የሸንበቆ ብዕሮቹ በክር ታስረዋል። እትዬ ታየች ከመጋረጃው ወዲያ አልጋቸው ላይ ናቸው፤ ከሥራነሽ ጋር ስለ አዲሱ ቤት ሲያወሩ ቆይተው ሥራነሽ መሄዷ ነው።

«የኔታ፣ ዓይንዎ ምንም አልሆነም።»

«ደግሞ ሐኪም ሆንሽ?» ጨርቁን ማሰር አላቆሙም።

«ሰኞ ስድስት ነበሩ። ዛሬ አራት ናቸው። ሁለቱንም ልክ ቆጥረዋል። የቀየርኩት እኔ ነኝ።»

እጃቸው ቆመ። እሷም ነገረቻቸው። ስለ ክሊኒኩ ኮሪደር፣ ስለ ሃያውና ስለ ሠላሳው፣ ተንፈስ ይበል ስለተባለው፣ በሜትር ስለለካችው፣ ሻይ ከማዘዟ በፊት ስለለወጠችው ቁጥር ነገረቻቸው። ሳትጨምር ሳትቀንስ በቅደም ተከተሉ ተናገረችው።

«እውነቱ አራት ነው ማለት ነው» አሉ ስትጨርስ።

«አራት ነው።»

«ጠዋት ስለካ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ስትፈርሚስ?»

የኔታ መልሷን ሳይጠብቁ ጨርቁን ፈቱት፤ አንዱን ጥራዝ አውጥተው መስኮቱ ጋ ቆሙና ከኅዳጉ ላይ በቀጭን ብዕር የተጻፈውን ማነብነብ ጀመሩ። ሁለት መስመር አነበቡ። ሦስተኛውን ደገሙ። ፊታቸው ላይ እንደ መብራት ብልጭ ያለ ነገር አየች፤ ዕድሜያቸው ዐሥር ዓመት የቀነሰ መሰለ። ለአንድ አፍታ እሷም ቀለል አላት፤ ወዲያው በቀለላት ነገር አፈረች።

ከመጋረጃው ወዲያ የእትዬ ታየች ድምፅ መጣ። «ስንት ነው እንግዲህ?»

የኔታ ከጥራዙ ቀና ብለው መቅደላዊትን አዩዋት። መልሱ የእሷ ነው።

«አንድ ሜትር ከሃያ ነው፣ እትዬ።»

ውጭ ሥራነሽ ዶሮዎቿን ስትጠራ ይሰማል። ከቆርቆሮው በታች ድንቢጦች ይንጫጫሉ። መቅደላዊት መጋረጃውን ገልጣ መግባት እንደነበረባት ታውቃለች፤ እግሯ ግን አልሄደም። እትዬ ታየች ከብዙ ጊዜ በኋላ የተናገሩት አንድ ነገር ነው።

«ጠዋት ይበቃል አልሽኝ።»

በማግስቱ አቶ እንዳላማው ዘንድ ሄደች። ከባሕር ዳር የመጣው ወንድማቸው ቡና እየጠጣ ሰማት። አቶ እንዳላማው አልተቆጡም። «እኔ የሸጥኩት ካሬ ሜትር ነው፤ ሴራሚክ ቆጥሬ አልሸጥኩም። አስለኩት፤ አንዲት ሴንቲ ከጎደለ እኔን ጠይቂኝ» አሉ። የሚጎድል ነገር አልነበረም። የኔታን ክሰሱ ያላቸው ጎረቤት ነበር። «ብራና ላይ ፊደል ፍቄ አውቃለሁ፤ ፊርማዬን ፍቄ አላውቅም» ብለው መለሱት። መጽሐፉን ራሳቸው ቀጠሉ። ገጹን በተመለከተ ውበቱ በሳምንቱ ወለሉን ወደ ሃያው መለሰው። መቅደላዊት አልከለከለችውም፤ ከእያንዳንዱ ክፍል ሥር ግን ወርዱንና ቁመቱን በሜትር ጻፈች። ውበቱ እሱን ተወው፤ የሚያነበው የለም አለ። የሆቴሉን ሥራ ሌላ ሰው ወሰደው።

እትዬ ታየች ሐምሌ 12 ቀን አዲሱ ቤት ገቡ። ሥራነሽ አሁን ሩቅ ናት፤ ስለዚህ ጠዋት ከሥራ በፊትና ማታ ከሥራ በኋላ የምትመጣው መቅደላዊት ናት። በቀኑ መካከል እትዬ ታየች ውሃ አይጠጡም። ወንበሩ ውስጥ ገብቶ ስለማይዞር መቅደላዊት ወደ ኋላ እየሳበች ታስገባዋለች፤ ብብታቸውን ይዛ ታነሳቸዋለች፤ በወንበሩና በግድግዳው መካከል በጎኗ ተንሸራትታ ትወጣለች። ወንበሩን መልሶ ለማውጣት ቦታ ስለሌለ እዚያው ፊታቸው ይቆማል። በሥራው ሁሉ አይነጋገሩም። ባምላኩ መጥቶ ማጠፊያውን ፈትቶ በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት አደረገው፤ እንዲያም ሆኖ የወንበሩ የእግር ማሳረፊያ ከደፉ ስለሚያልፍ በሩ አይገጥምም። የኔታ አንድ ቀን ክፍተቱን ሊለኩ ጎንበስ ብለው እትዬ ታየች ውስጥ መሆናቸውን ሲያዩ ተመለሱ። በኋላ የለካችው መቅደላዊት ናት። ፊቷን ወደ ኮሪደሩ አዙራ ስትቆም የበሩ እጀታ ከጀርባዋ ነው፤ በሩ ሠላሳ አንድ ሴንቲሜትር ክፍት ይቀራል።